ዳቦና ቅቤ በአንድ ሳህን

ጥቅምት 6

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም

እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጤናዬም ጡንቻዬም አልጎደለም። መልሱ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ፤ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው። እናንተ «ፈጣኑ» የምትሉት ሰውዬ ደብዳቤሽን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ኖሯል። ስቆጣው «እኔ አውቶቡስ እንጂ እርግብ አልነዳም» ብሎኝ እርፍ። ቢሆንም በእሱ መላላካችንን እንቀጥል። ስልኩ ያለው ዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው፤ አባባ ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ አይጠፉም። ስለ እሳቸው ሆድ እሳቸው እየሰሙ ምን ላውራሽ?

የጻፍሽልኝን ሳነብ ሳቅኩም፣ አዘንኩም። ሐኪሙ «ሰውነትዎን ካልቀነሱ ጉልበትዎ ላይ ቢላ አላሳርፍም» ማለቱ ትክክል ነው። ያ ጉልበት ዕድሜውን ሙሉ ምድጃ ፊት የቆመ ነው፤ ቢጠገንም ያን ሆድ ተሸክሞ አይሄድም። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ ስስ ጨርቅ ከባድ ኪስ እንደማይችል ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ዘዴ አለህ ወይ ላልሽው አለኝ። እኔ ጋ ጂም ሊሠለጥኑ የሚመጡት ሁሉ የሚሠሩበት ነው። ምግብ አትከልክያቸው፤ ለያይተሽ ስጫቸው። ካርቦሃይድሬትና ስብ አንድ ሳህን ላይ አይገናኙ፣ በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። ጠዋትና ምሳ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ ይብሉ፤ ዘይት ጠብ አይበልበት፣ ቅቤ አይንካው። ማታ ደግሞ እንቁላሉንም፣ ሥጋውንም፣ ቅቤውንም ከአትክልት ጋር ይብሉ፤ ዳቦ ግን በአጠገቡ አይለፍ። ለምን ካሉሽ እንዲህ በያቸው፦ ዳቦው በር ይከፍታል፣ ስቡ በተከፈተው በር ገብቶ ሆድ ላይ ቤቱን ይሠራል። ሁለቱን ካላገናኘናቸው በሩ ተከፍቶም የሚገባ የለም።

አንድ ነገር አደራ፤ ከእኔ መጣ እንዳትያቸው። ከሐኪሙ ነው በይ። ሊጥ ትቼ ብረት ላነሳ ከቤት የወጣሁ ዕለት በር ላይ ቆመው ያሉኝን አልረሳሁትም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ነበር ያሉኝ። የእኔ መሆኑን ካወቁ ለእልህ ሲሉ ቅቤውን በማንኪያ ነው የሚበሉት።

እማማን ሳሚልኝ። በሚቀጥለው ስትጽፊ የዳቦ ቤቱን ወሬ አትቆጥቢብኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 11

ለጡንቼ

ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የላክሃት ሹራብ ለእማማ ሰፍታ ነበር፤ ጎኗን ይዤላታለሁ፤ አሁን ከላይዋ አትወርድም።

አደራህን በልቻለሁ፤ ይቅርታ። ከሐኪሙ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር። አባባ ዳቦ የሚያወጡበትን ረጅም እንጨት ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ «ሐኪሙ ስለ ጉልበት እንጂ ስለ ቅቤ ምን አገባው? ይሄ የዚያ ልጅ ነገር ነው» አሉ። መዋሸት አያቅተኝም፤ እሳቸው ፊት ግን ፊቴ ያሳብቅብኛል። አዎ፣ የእሱ ነው አልኳቸው። አሁን ጣሪያው ይነሳል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ከዱቄቱ አራግፈው ተቀመጡና «እስቲ ድገሚው» አሉ። ስለ በሩም፣ ስለሚገባውም ሁሉንም ደገምኩላቸው። በመጨረሻም «እሱ ካለ ይሞከራል» አሉ። እንዲህ ነው ያሉት፤ አልጨመርኩበትም።

አሁን ታዲያ አባትህን ማን ይቻላቸው? ሕጉን ከአንተ በላይ አጥብቀው ይዘውታል። ከምድጃ የወጣችውን የመጀመሪያዋን ዳቦ በትኩሷ ከፍለው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ከእማማ ጋር በአንድ ሳህን እንደቆሙ የሚበሏትን ታስታውሳለህ። ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ጠዋት ያላስታጎሏትን። አንተ «አንድ ሳህን ላይ አይገናኙ» ብለህ ጻፍክ፤ አባባ ደግሞ ቃል በቃል ያዙት። እሳቸው ደረቁን በሻይ ሲበሉ የእማማ ቅቤ ያለበት ዳቦ ሳህናቸው ላይ መቀመጥ የለበትም አሉ። እማማም ሳህኗን ለየች። ቢላዋም ተለየ፤ የቅቤው ቢላ የእሳቸውን ዳቦ ከነካ ዳቦው ለደንበኛ ነው የሚሸጠው።

እማማ ነገሩ አልጣማትም። «ሆዳቸውን ይቀንሱ እንጂ እኔ ምን አደረግኳቸው?» ትላለች። እኔ ስቄባታለሁ። እሷ ግን ሳህኗን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ስትበላ አይቼ ሳቄ ጠፋ። አንተ እንደ ቀልድ የጻፍከው ነገር እዚህ ቤት ሲደርስ እንዲህ ሆኗል።

ቢሆንም ይሠራል። የሱሪያቸውን ወገብ ዛሬ በትንሹ አጥብቤዋለሁ። ቢነግሩህ ደስ ይልህ ነበር፤ እሳቸው ግን ሞተው ነው የሚነግሩህ።

እህትህ


ጥር 3

ለእታለም

ፎቶው ደረሰኝ። እስኪ እውነት በይ፣ እኚህ ሰውዬ የእኛ አባት ናቸው? ሱሪያቸውን በሁለት እጅ ወደፊት ስበው፣ በመሃሉ ሌላ አባት የሚያስገባ ቦታ አሳይተው፣ ደግሞ እየሳቁ። ፎቶ ሲነሱ ስቀው አያውቁም። ከእማማ ጋር በተነሱት የሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ ፊታቸውን ቋጥረው ነው ያየኋቸው።

ጂሙ ውስጥ ከትልቁ መስታወት ጎን ሰቅዬዋለሁ። አዲስ የሚመጣ ሁሉ ማን ናቸው ይለኛል። አባቴ ናቸው፣ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፣ ዳቦና ቅቤን ለይተው እንዲህ ሆኑ እላለሁ። አንድ ቦርጫም ነጋዴ ፎቶውን አይቶ የዓመት ከፈለ።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ፦ አይዞሽ፣ ምንም አይደለም። ሰውነት ስንቁን ሲቀይር መጀመሪያ ላይ ይደክማል። ቶሎ መጥገባቸው፣ ምግብ አለማሰኘቱ፣ ራት ትተው መተኛታቸው፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ምልክት ነው። ሆድ ሲያንስ ፍላጎቱም ያንሳል። እኔ ጋ ያሉት ወጣቶች ይሄን ለማግኘት ስለት ይሳላሉ። ውሃ ይጠጡ፣ ጨው አይርሱ። እንዳታስቆሚያቸው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም አትንገሪ። ባለፈው እሑድ ስደውል አንቺ ሳትሆኚ እሳቸው ናቸው ያነሱት። ማን ልበል ሲሉኝ እኔ ነኝ አልኳቸው። «አሰልጣኝ፣ እንዴት ነህ?» አሉኝ። እያሾፉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ጉልበቱ ሲሠራልኝ ምድጃው ድረስ ያለ ምርኩዝ እሄድልሃለሁ፤ መጥተህ ታያለህ» አሉ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ያን ቃል ስጠብቅ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ሱሪውን አጥብቢላቸው። ክሩን እኔ እልካለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 9

ለወንድሜ

ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን። ክሩ ደርሷል፣ እናመሰግናለን፤ ቀለሙ ግን መስከረም ወር ያለ ሰማይ ይመስላል፤ ለአባባ ሱሪ አይሆንም። ለራሴ ቀሚስ አደረግኩት።

ስለ ጉልበቱ ቀዶ ሕክምና የጠየቅኸው ለጊዜው ተላልፏል። ሐኪሙ ሌላ ነገር ቀድሞ ማየት ፈልጓል። መቼ እንደሚሆን አልታወቀም፤ ሲታወቅ እጽፍልሃለሁ። ስትደውል ድምፄ ልክ አልነበረም ላልከው ጉንፋን ይዞኝ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቶሎ መልስልኝ። በዚህ ዘዴህ ውስጥ ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ የለም? ለምሳሌ ሰውዬው በቂ ከቀነሰ በኋላ፣ አንዳንድ ቀን፣ ዳቦውንም ቅቤውንም አንድ ላይ ቢበላ? ካለ ለአባባ በቀጥታ ጻፍላቸው። ከእኔ አፍ አይቀበሉም፤ የሐኪሙንም አይሰሙም።

የዓመት ዕረፍትህስ መቼ ነው? እንዲሁ ነው የጠየቅኩህ። እማማ ናፍቃሃለች።

እህትህ


የካቲት 25

ለእታለም

ምን ነካችሁ? እዚህ ደርሳችሁ ልታፈርሱት ነው? የሚገናኙበት ጊዜ የለም። ሰው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ቀነስኩ ይልና አንድ ቀን ይፈቅዳል፣ አንዱ ቀን ሳምንት ይሆናል፣ ሆዱ ወለዱን ይዞ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው እስኪያልፍ አንዲት ንክሻ አልፈቅድም። አባባ ራሳቸው ጠየቁ እንዳትይኝ፤ እሳቸው እንዲህ አይደሉም። እማማ ናት አይደል? የሳህኑ ነገር ገና አልወጣላትም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደ ፈለጉ ይሆናሉ፣ ትንሽ ትታገሥ በያት።

ዕረፍት አሁን የለኝም። ባለቤቱ አዲስ ዕቃ አስገብቷል፣ ሰዉ በዝቷል። ለቀዶ ሕክምናው ቀን ግን ሰማይ ቢደፋ እመጣለሁ። ያለ ምርኩዝ ሲሄዱ ማየት አለብኝ፤ ቃል ገብተውልኛል።

ጉንፋንሽ ተሻለሽ? ባለፈው ስልክ ላይም እንደዚያው ነበርሽ።

ወንድምሽ


መጋቢት 8

ለወንድሜ ለጡንቼ

ይህን ደብዳቤ ስታነብ ቁጭ በል። ቆመህ አታንብበው።

እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ልንገርህ ነው። አትጻፊ ብለው አስምለውኛል፤ መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩ።

አባባ የቀነሱት በዘዴህ አይደለም። ጨጓራቸው ውስጥ ክፉ በሽታ አለ። ሐኪሙ ጥር መጨረሻ ላይ ነው ያገኘው፤ ያኔም ተስፋፍቶ ነበር። የሚቀደድ ነገር የለውም አለን። ክረምትን ላያዩ ይችላሉ ብሏል።

ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሥራዬ ነውና። ወገባቸው ሲቀንስ ደስ አለኝ፤ አጠበብኩ፣ እንደገና አጠበብኩ። አንድ ቀን ለሐኪም ቤት የሚለብሱትን ኮት ለኪልኝ አሉኝ። ትከሻው ወርዶ ክንዳቸው ላይ ተኝቷል። ሰው ሲከሳ ሆዱ ይሄዳል፣ አንገቱ ትንሽ ይሰላል፤ ትከሻ ግን አጥንት ነው፣ ትከሻ እንዲህ አይሄድም። መርፌው በአፌ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። እሳቸው በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ «አየሽ፣ የልጄ ሥራ ነው» አሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እኛን እንደዚያ ነው ያደረገን።

ለምን ደበቅሽኝ እንዳትለኝ። ከሐኪሙ ስንወጣ በመንገድ ላይ አስቁመውኝ እንዲህ አሉ፦ «ያ ልጅ በሕይወቱ አንድ ነገር ሠርቶልኛል። በሽታ ነበር ብለሽ አትውሰጂበት። ሠራልኝ ብሎ ይኑር።» ማልኩላቸው። በስልክ አሰልጣኝ እያሉ ሲስቁ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ስልኩን ዘግተው ባንኮኒው ላይ ግንባራቸውን ያሳርፉ ነበር፤ እስኪነሱ እጠብቃለሁ።

አሁን ያጻፈኝ ሌላ ነው። ሐኪሙ የፈለጉትን ይብሉ፣ የሚወርድላቸውን ማንኛውንም ነገር ስጧቸው ብሏል። ከምግብ ሁሉ የሚያሰኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም አፍ አውጥተው አይሉትም። ጠዋት የመጀመሪያዋ ዳቦ ስትወጣ ወንበራቸውን ወደ ምድጃው አስጠግተን እናስቀምጣቸዋለን። እማማ ቅቤውን ስትቀባ ዓይናቸው ከቢላዋው ጋር ይሄዳል። «እንካ» ትላቸዋለች፣ «እባክህ አንዴ» ትላለች። እማማ አባባን አንተ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ? እሳቸው ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አሰልጣኙ አልፈቀደም» ይላሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አይደለም። ካፈረሱት ያንተን ነገር የካዱ ይመስላቸዋል። አንተን የያዙበት እሱ ብቻ ነው።

በየካቲት የጠየቅኩህ ለዚህ ነበር። አንተ አንዲት ንክሻ አልፈቅድም ብለህ ጻፍክ። አልፈርድብህም፤ አታውቅም ነበር። ደብዳቤህን ግን አስነብበውኛል። «ጎሽ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እማማም መለመኗን ተወች።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ፍቀድላቸው። ማወቅህ እንዳይታወቅባቸው አድርገህ ጻፍላቸው። ከዚያ ና።

እህትህ


መጋቢት 14

እታለም

ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም። ይቅር በይኝ።

ፈጣኑ ደብዳቤሽን የሰጠኝ ሰዎች እያሠራሁ ነው። አንብቤ እንደጨረስኩ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ፎቶ ነው። ሰዎቹ ቁጠርልን ይሉኛል። እስከ ስንት እንደደረስኩ ጠፋኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ለአንቺ ብቻ። የበሩ ነገር እኔ የምሸጠው ወሬ ነው። ዳቦና ቅቤ ቢገናኙ ምንም አይፈጠርም። ሰው የሚቀንሰው አሳንሶ ስለሚበላ ነው። ሁለቱን ስንለያያቸው ምግቡ አይጥምም፤ ካልጣመ ብዙ አይበላም፤ ዘዴው ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም። አባባ የቀራቸውን ጥቂት ጠዋት ሁሉ ጣዕም የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ። እማማንም ከሳህናቸው ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ደከማቸው ብለሽ ስትጽፊልኝ ጥሩ ምልክት ነው አልኩሽ። እጄ ይሰበር።

ለአባባ የጻፍኩት እዚሁ ውስጥ ተጣጥፏል፤ ሥራ ልለቅ ነው፣ ጠቅልዬ ልመጣ ነው። ባለቤቱ ምትክ እስኪያገኝ ለጥቂት ቀን ለምኖኛል፤ ክረምትን ብለሽ ስለጻፍሽ እሺ አልኩት። ደብዳቤው ግን ዛሬውኑ ይሂድ። ፈጣኑን እጁን ይዤ ነገርኩት። አልቀለደም። ከጡት ኪሱ አስገብቶ እንደሚቆልፍበት ቃል ገባልኝ።

ያልኩትን አንብቢላቸው፤ ድምፅሽ እንዳይንቀጠቀጥ አደራ።

*ለአባባ*

*እንደምን አሉ? ጉልበትዎስ? ከእታለም እንደሰማሁት ሥርዓቱን ሳያጓድሉ ይዘውታል። እዚህ ያሉት ጎረምሶች ሳምንት አይዘልቁበትም፤ እርስዎን ምሳሌ አድርጌ ነው የምገሥጻቸው። የመጀመሪያው ክፍል እዚህ ላይ አበቃ። አሸንፈዋል አባባ። ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያዋን ዳቦ በትኩሷ ይክፈሏት፣ ቅቤውንም ሳይሰስቱ ይቀቡት፤ ከእማማ ጋር፣ በአንድ ሳህን። አሰልጣኝዎ አዝዣለሁ።*

*ልጅዎ*


ሚያዝያ 20

ለወንድሜ ለጡንቼ

እማማ ሥራህን አትልቀቅ ብላ ከመለሰችህ በኋላ በሰላም እንደገባህ ፈጣኑ ነገረን። ደጁ ድረስ መጥቶ ነው የነገረን፤ አሁን እንደዚያ ሆኗል። ለአባባ የጻፍከውንም ደብዳቤ ያመጣ ዕለት ተሳፋሪዎቹን መናኸሪያ ሳያደርስ፣ አውቶቡሱን ከነሰዉ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ነው የሰጠን። አንድ ተሳፋሪ እንኳ አልተቆጣም።

ከቀብሩ ማግስት ስትደርስ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ብቻችንን የሆንበት ጊዜ አልነበረም። ስትሄድ በር ላይ እጄን ይዘህ አንድ ነገር ጠየቅኸኝ። «በሉት?» አልከኝ። ሁሉንም በሉ አልኩህ፤ ፊትህ ሲበራ አየሁና ተውኩት። አሁን በደብዳቤህ ደግመህ ጠይቀኸኛል፣ እውነቱን ንገሪኝ ብለሃል። ያኔ ዋሽቼሃለሁ። እንዲህ ነበር የሆነው።

ጠዋት ነው። ወንበራቸውን ምድጃው አጠገብ አድርገናል። ደብዳቤ መጥቷል አልኳቸው፣ አነበብኩላቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ እንደ ጋዜጣ ነው ያነበብኩት። ስጨርስ «እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«ነግረሽዋል» አሉ።

አልነገርኩም አልኩ። ፊቴን አላዩም፤ እሳቱን ነበር የሚያዩት። «ያ ልጅ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስ አሸንፈዋል አይልም። ነግረሽዋል።» አዎ አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ካወቀ በኋላ ነው እንግዲህ የፈቀደው» አሉ። «ይሁን። የተፈቀደ ተፈቅዷል።» ወደ እማማ ዞረው «ቀቢልኝ» አሏት።

እማማ ቅቤውን ዳቦው ላይም ሳህኑ ላይም ቀባችው። ሁለት ሳህን አልያዘችም። አንዱን ብቻ ይዛ መጣች፣ ጉልበቷን አጥፋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

አንድ ጊዜ ነው የጎረሱት። ብዙ ጊዜ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ሊወርድላቸው አልቻለም፤ እማማ በመሃረብ ተቀበለቻቸው። ይኸው ነው። ጣዕሙን ግን አግኝተውታል፤ ፊታቸውን ስላየሁ አውቃለሁ። ከዚያ «አንቺ ብዪ፣ ልይሽ» አሏት። እማማ የራሷን ድርሻ እየበላች አለቀሰች፣ እሳቸው ደግሞ እስክትጨርስ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም። እንደዚያ ሆነው ካየኋቸው ዓመታት ሆኖኝ ነበር።

ከመተኛታቸው በፊት ጠሩኝ። ከንፈራቸው ላይ ገና ቅቤ ነበር፤ እንዳልጠርገው ከለከሉኝ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬው ነበር» አሉ። «በቅቷል በይው።» በማግስቱ ንጋት ላይ አረፉ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ገደልኳቸው ወይ ላልከው፣ ሐኪሙን ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ ያንተን ያህል እኔንም እየበላኝ ነበርና። ምግቡ አይደለም አለኝ። ቀደም ብለን ብንመጣ ኖሮስ ስለው ምናልባት አለኝ። ያቺን «ምናልባት» ለሁለት እንካፈላት፤ ለብቻህ አትሸከማት። አንተ ሩቅ ነበርክ፤ ሱሪውን በእጄ ሳጠብብ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ፎቶውን ላውርደው ወይ ላልከው፣ አታውርደው። ጂሙ ውስጥ እንደሰቀልከው ነግሬያቸው ነበር። በየሳምንቱ «አሁንም አለ?» ይሉኝ ነበር። የሚጠይቅህ ካለ ግን ዳቦና ቅቤን ለይተው ነው አትበል። አባቴ ናቸው፣ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ በል፤ በቂ ነው።

እማማ ምድጃውን ማቃጠል ጀምራለች። እኔ መርፌዬን አስቀምጬ ጠዋት ጠዋት አግዛታለሁ፤ ቡኮዬ ግን አይረባም። የመጀመሪያዋ ዳቦ ስትወጣ ለሁለት ትከፍላታለች፣ ሁለቱንም ቅቤ ትቀባለች፣ በአንድ ሳህን ታስቀምጣለች። የራሷን ግማሽ ትበላለች። ሌላውን ሳትነካው ሳህኑን እስከ ቀትር መስኮቱ ላይ ትተወዋለች።

እህትህ